ትንሿ ፍሪጅ ከመኝታ ክፍል ትውጣ



ሰሞኑን በሠልጣኞች መካከል ከሚደረጉት ክርክሮች አንዱ፣ ለሌሊት የሚበላ ነገር ማስቀመጫ እንድትሆን ትንሽ ፍሪጅ በመኝታ ክፍል ውስጥ ማስገባት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ከፊሉ «በገዛ ገንዘቤ ብገዛ ማንን ጎዳሁ?» ይላል። ከፊሉ ደግሞ «ቅንጦት ነው!» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ጉዳዩን በሚገባ አልመረመሩትም እላለሁ።

በመጀመሪያ ረሃቡ እውነት መሆኑን እንቀበል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እራቱን የበላ ሠልጣኝ የትምህርት ዕቅዱን ሲያዘጋጅና ለፈተና ሲያነብ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሞላል። በዚያን ሰዓት ሆዱ ቢጮህ ሆዳም አያሰኘውም። «ሌሊት አትብሉ» ብሎ መስበክ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የዚህ ረሃብ መድኃኒት ፍሪጅ ነው ወይ?

እስቲ እናስበው፤ ምኑን ነው የምናቀዘቅዘው? ቆሎ ፍሪጅ አይፈልግም። ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሙዝ፣ የዕለቱ ዳቦ አይፈልጉም። ወልቂጤም ቡታጅራም ወይና ደጋ ናቸው፤ ሌሊታቸው ቀዝቀዝ ይላል። ከዚህም በላይ የምንማረው ምግብ ያለ ፍሪጅ እንዴት እንደሚቆይ ጠንቅቆ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ነው። ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተሸፍኖ ለወራት፣ ሲልም ለዓመታት ይቆያል። የሚያቆየው ብልሃት መብላላቱ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ምግብ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ያዳክማል። ቅቤም ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣለት ሳይበላሽ ይከርማል። ይህ የእናቶቻችን ሳይንስ ነው፤ ነገ ክፍል ገብተን ለተማሪ ልናስተምረው የሚገባ ሳይንስ።

«ክትፎ ቢተርፈኝስ? ወተትና አይብስ?» የሚል ይኖራል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ፍሪጅ ተሕዋስያንን የሚገድል ይመስለዋል። ፍሪጅ መራባታቸውን ያዘገያል እንጂ አይገድላቸውም። እሱም ቢሆን ቅዝቃዜው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ተሕዋስያን በፍጥነት ይራባሉ። በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል ዘር ደግሞ የተራ ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይገድለውም። እንግዲህ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ነገሩን አስቡት። ትልቁ ፍሪጅ እንኳ በሩ ሳይከፈት ቅዝቃዜውን ይዞ የሚቆየው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ትንሿማ ከዚያ በፊት ትለቃለች። ሠልጣኙ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሳለ መብራት ጠፍቶ ቢመለስ ማን ይነግረዋል? ማታ ሲከፍታት ቀዝቅዛ ያገኛታል፤ አምኗት ይበላል። ክትፎ እዚያው ትኩሱን ቢበላ፣ ከተረፈም በደንብ በስሎ ቢበላ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ቆጣሪው ነው። ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ብዙዎች ከባለቤቱና ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። የመኖሪያ ቤት ክፍያ በእርከን ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የታሪፍ ማሻሻያ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የነበረ ሲሆን ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ትንሽ ፍሪጅ እንደ ዓይነቷ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብትወስድ በወር ከ15 እስከ 30 ይሆናል። ይህ ግቢውን በሙሉ ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋው ይችላል። ሂሳቡ ለሁሉም እኩል የሚካፈል ከሆነ፣ የአንዱን ቀዝቃዛ ለስላሳ አንድ አምፖል ብቻ የምታበራው ተከራይ እየከፈለችለት ነው ማለት ነው። «ማንን ጎዳሁ?» ለሚለው መልሱ ይኸው።

መኝታ ክፍሉም ራሱ አይወዳትም። ፍሪጅ ከሆዷ ያወጣችውን ሙቀት በጀርባዋ ወደ ክፍሉ ነው የምትለቀው፤ በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቤቱን ታሞቃለች እንጂ አታቀዘቅዝም። ለጀርባዋ ክፍተት ካልተተወላት ደግሞ ራሷም በወጉ አትሠራም። ሞተሯ ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳና ሲጠፋ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ጓደኛ ይረበሻል። እጅ ሲዘረጋ የሚገኝ ምግብ ደግሞ ሳይርብም ያስበላል፤ ከበሉ በኋላ ወዲያው መተኛት ቃር ያመጣል።

ይሁን እንጂ «ፍሪጅ ጨርሶ አያስፈልግም» ከሚሉት ጋርም አልስማማም። በመካከላችን የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሊኖር ይችላል። ገና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከያዘው ደግሞ መጣል ነው ያለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፍሪጅ ቅንጦት አይደለም፣ ሕይወት ነው። በየክፍሉ ተቆልፈው ለለስላሳና ለትራፊ ምግብ የሚሠሩ አሥር ፍሪጆች ግን ለእሱ አንድም አይጠቅሙትም። የሰው ክፍል እያንኳኳ «መድኃኒቴን አስቀምጥልኝ» ማለት የሚያሳፍረው ብዙ ነው።

ስለዚህ የኔ ሃሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ፍሪጅ ከተገዛ በጋራ ተዋጥቶ፣ ሁሉም ሊደርስበት በሚችል የጋራ ቦታ ይቀመጥ። ቴርሞሜትር ይግባበት። እያንዳንዱ ዕቃ ስምና ቀን ይጻፍበት፤ የጽዳት ተራም ይውጣ። አንዱ መደርደሪያ፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ ያለው፣ ለመድኃኒት ብቻ ይከለል። ሁለተኛ፣ የምግብ ቤት ኃላፊዎች ሌሊት ለሚያጠኑ ሠልጣኞች በእራት ሰዓት አንድ አንድ ዳቦ ወይም እፍኝ ቆሎ ይዘው እንዲወጡ ቢፈቅዱ የክርክሩ ግማሽ ያኔውኑ ያልቃል። ሦስተኛ፣ በኪራይ ቤት ፍሪጅ ያለው ሠልጣኝ ከቤቱ ባለቤትና ከጎረቤቶቹ ጋር ስለ ቆጣሪው በግልጽ ይነጋገር፤ የሚጠቀመውን ያህል ይክፈል።

በመጨረሻም መምህር ልንሆን ነው። ብዙዎቻችን የምንመደበው መብራት ገና በደንብ ባልገባበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል፤ ፍሪጅን የለመደ ሆድ እዚያ ይቸገራል፣ መካፈልን የለመደ ግን የትም አይቸገርም። አበው «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አንዱ ቆሎውን ጠረጴዛ ላይ አፍስሶ «ዝገኑ!» ሲል ረሃቡም እንቅልፉም አብረው ይባረራሉ። የተለየ ሃሳብ ያላችሁ መምህራንና ሠልጣኞች በሚቀጥለው ዕትም መልሳችሁን ለጥፉልን፤ እንወያይበት።