ቡናውን ከቁስል ላይ አንሱልን

ሰሞኑን ደግሞ አየሁትና አንጀቴ አረረ። ሰፈራችን ውስጥ ጣሪያ ሲመታ የነበረ ወጣት ክንዱን ቆርቆሮ ገሽልጦት ደሙ ሲንዠቀዠቅ፣ ከየቤቱ የወጣው ሰው ሁሉ "ቡና አምጡ!" እያለ ይጮሃል። አንዲት እናት የተፈጨ ቡና በእፍኛቸው ይዘው ደረሱና ነሰነሱበት።

ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ሲስተሯ ማደንዘዣ ወግታ፣ በሲሪንጅ ሳላይን እየረጨች፣ ሥጋው ውስጥ የተሰነቀረውን ቡና በጎዝና በመቆንጠጫ ቅንጣት በቅንጣት ለቀመችው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥርሱን ነክሷል። ከስፌቱ ይልቅ ለቀማው ረዘመ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ቡና ቁስል ላይ አይነስነስ የሚለውን አቋሜን ታውቃላችሁ። "አያቶቻችን በዚሁ ድነው የለም ወይ?" ትሉኛላችሁ። የዳኑት ይወራላቸዋል፤ ቁስሉ አመርቅዞባቸው የሞቱትን ማን ቆጠራቸው? ደም የሚያቆመው መጫን ነው። ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ ለ10 ደቂቃ ያህል ጥብቅ አድርጎ መያዝ፤ "ቆመ እንዴ?" እያሉ መግለጥ የረጋውን ደም መልሶ ያስነሳዋል። ከዚያ በሚወርድ የቧንቧ ውሃና በሳሙና ማጠብ። አረቄም አልኮልም ክፍት ሥጋ ላይ አይፈስም። አፉን የከፈተ ቁስል ደግሞ ሳያድር ይሰፋ።

ሲስተሯ "ቴታነስ ተከትበህ ታውቃለህ?" ስትለው ልጁ ዝም አለ። እኔን ያሳሰበኝ ይኼ ነው። ሰዉ ቴታነስን፣ ማለትም መንጋጋ ቆልፍን፣ የሚያመጣው ዝገት ይመስለዋል፤ ተሕዋሲው ግን ያለው አፈርና እበት ውስጥ ነው። እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ይከተባሉ፤ በአገራችን የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስ መወገዱም እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል። የሚያኮራ ሥራ ነው። ግንበኛውን፣ በያጁን፣ ገበሬውን ግን ማን ያስታውሰው? ያን ልጅ ጣሪያ ላይ ያወጣው አሠሪ የቀን ሒሳቡን ሲነጋገር ስለ ክትባት አልጠየቀውም፤ ሊጠይቀው ይገባ ነበር።

አሠሪዎች፣ ሰው መሰላል ላይ ከማውጣታችሁ በፊት አስከትቡት። እናንተም አንባቢዎቼ ካርዳችሁን ፈልጉ። አፈር የነካው ቁስል ያገኘው ሰው የመጨረሻ ክትባቱ 5 ዓመት ካለፈው ድጋሚ መከተብ አለበት። ካርድ የሌላችሁ፣ እንዳልተከተባችሁ ቁጠሩትና ሳትቆስሉ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።