ስሕተትን በግልጽ ስለማረም

የነጋዴ ክብሩ መዝገቡ ነው። በመዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ትጉህ ሒሳብ ያዥ በምላጭ አይፍቀውም፤ የቀድሞው እንዲነበብ አድርጎ በአንድ መስመር ይሠርዘዋል፣ ትክክለኛውን ከላይ ይጽፋል፣ ቀኑን አኑሮ ይፈርምበታል። ፊርማ የሌለው ስርዝ ድልዝ በባንክም ሆነ በዳኛ ፊት ጥርጣሬ እንደሚያስከትል የማያውቅ ነጋዴ የለም። እንግዲህ የገበያ ወሬና የዋጋ ዝርዝር የሚያወጡ ጋዜጦችና የኢንተርኔት ገጾች ከዚህ ሥርዓት ነፃ የሚሆኑበት ምክንያት ምንድን ነው?

ዛሬ የተሳሳተውን አኃዝ በአንድ ደቂቃ ለውጠው ዝም የሚሉ ገጾች ጥቂት አይደሉም። ነገሩ የተቃና ይመስላል። ዳሩ ግን ለኩንታል የተባለው የቡና ዋጋ ለፈረሱላ ተብሎ ቢወጣና ማለዳ ያነበበው ላኪ በዚያው ተዋውሎ ቢውል፣ ማታ መታረሙን ማን ይነግረዋል? ኪሣራው ሳያንሰው፣ ያነበበውን ቃል የሚያስረዳበት ማስረጃም ጠፍቶበታል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ የታተመ ወሬ በየመደብሩ ከደረሰ በኋላ በዝምታ አይመለስም።

የጉዳቱን መጠን ለመረዳት እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2008 በአሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የዩናይትድ አየር መንገድ በ2002 የኪሣራ ጥበቃ መጠየቁን የሚናገር አሮጌ ዜና ያለ ቀን በኢንተርኔት ብቅ አለ፤ አንባቢዎችም አዲስ መሰላቸው። የኩባንያው አክሲዮን ከ12 ዶላር ገደማ ወደ 3 ዶላር አሽቆለቆለ። ወሬው አሮጌ መሆኑ ሲታወቅ ዋጋው በአብዛኛው ቢያንሠራራም፣ በድንጋጤ በርካሽ የሸጡት ግን ጉዳቱን ቀመሱ። የጐደለው አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ስሕተትን ማመን የጋዜጣን ክብር ይቀንሳል የሚሉ አሉ። የኒው ዮርክ ታይምስ ታሪክ ይህን ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1898 የወጣው እትም ቁጥሩ 14,499 ነበር፤ በማግሥቱ 14,500 መባል ሲገባው 15,000 ተባለ። የ500 ቁጥር ብልጫ ከመቶ ዓመት በላይ ሲንከባለል ቆይቶ፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ ደረሰበት። ጋዜጣው ጥር 1 ቀን 2000 ቁጥሩን ከ51,753 ወደ 51,254 መልሶ ምክንያቱን ለአንባቢው አስታወቀ። በዚህ የተዋረደ የለም፤ ይልቁንም የታመነ ሆነ።

ስለዚህ ለነጋዴ የሚጻፍ ወሬ ሁሉ ቀኑን ይያዝ። ስሕተት ሲገኝም ምን እንደ ተሳሳተ፣ ትክክለኛው ምን እንደ ሆነና መቼ እንደ ታረመ፣ ስሕተቱ በወጣበት በዚያው ስፍራ ይነገር። አንባቢውም ስሕተት ባየ ጊዜ በየቡና ቤቱ ከማማት ይልቅ ለአዘጋጁ ይጻፍ። ሚዛኑ የተዛባበት ባለሱቅ ሚዛኑን በደንበኛው ፊት ያስተካክላል እንጂ በስተኋላ በር አያስተካክልም፤ የጋዜጣም ሚዛን እንዲሁ መሆን ይገባዋል።