የሥራ መኪና ቤተሰብ ሲጭን



መስከረም ሲቃረብ ሆሳዕና ውስጥ ጋራዡም ብየዳ ቤቱም ሥራ ይበዛበታል። በሐዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ፣ በየአካባቢውም መስቀል ሲደርስ፣ አዲስ አበባ ሠርቶ የሚያድረው የእጅ ባለሙያ ልጆቹን ይዞ አገር ቤት ለመግባት ይሰናዳል። በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል እስከ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከዚያም ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሺንሺቾ የሚቀጥል አለ። ታዲያ ብዙው የሚመጣው በሥራ መኪናው ነው። አናጢው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ዓመቱን ሙሉ መሣሪያ ሲያመላልስበት በከረመው ሚኒባስ ሚስቱን፣ ልጆቹንና እናቱን ይጭናል።

ይህን ነውር ነው የምል እንዳይመስላችሁ። ለአብዛኛው ቤተሰብ አንድ መኪና ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያው መኪና በሥራ ቀን እንጀራ ያመጣል፤ በበዓል ቤተሰብ ያገናኛል፤ ለቅሶ ሲደርስም ጎረቤት ያደርሳል። ጥያቄው መሣሪያና ሰው በአንድ መኪና ሲሄዱ እንዴት ይቀመጡ የሚለው ነው።

አንድ የሰፈራችን ብየዳ ሠራተኛ በቅርቡ ኋላው ባዶ የሆነ የዕቃ ሚኒባስ ገዛና፣ "ሲስተር፣ ለልጆቹ ወንበር ላስገባለት ነው፤ እስቲ ስፖንጁን ይዩልኝ" አለኝ። ስፖንጁ ወፍራምና ምቹ ነበር።

"ከወንበሩ ጀርባ ምን ይቀመጣል?" አልኩት።

"የብየዳ ማሽኑ፣ ግራይንደሩ፣ የቡሎን ሣጥኑ።"

"በምን ይታሰራል?"

"ከባድ ነው እኮ ሲስተር፤ የት ይሄዳል?"

ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት በዚህች "የት ይሄዳል?" በምትለው ቃል ምክንያት ነው። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከአንድ ነገር ጋር ቢጋጭ መኪናው ይቆማል፤ ያልታሰረው ዕቃ ግን በዚያው በ50 ፍጥነቱ ወደፊት ይቀጥላል። ይህ ፍጥነት አንድ ዕቃ ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ያህል ሲወድቅ መሬት የሚደርስበት ፍጥነት ነው። በ80 ከሆነ ከ25 ሜትር እንደ መውደቅ ነው። ከፎቅ ላይ የሚወድቅ መዶሻ ሥር ልጁን የሚያስቀምጥ ወላጅ የለም። የዕቃው ክብደት እንዳይሄድ አይዘውም፤ ከባድ በሆነ ቁጥር የሚያደርሰው ጉዳት ይብሳል እንጂ።

እኛ የጤና ባለሙያዎች ሰውና መሣሪያ አብረው የሚሄዱበትን መኪና በደንብ እናውቀዋለን፤ አምቡላንስ ይባላል። በሚገባ በተሰናዳ አምቡላንስ ውስጥ የኦክስጅኑ ሲሊንደር በብረት ማቀፊያ ከግድግዳው ጋር ተይዟል። አልጋው ወለሉ ላይ ባለ መያዣ ይቆለፋል። መድኃኒቱና መርፌው በሚዘጋ መሳቢያ ይቀመጣሉ። ይህ የተደረገው ለቄንጥ አይደለም። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ በሽተኛዋን ሊያድን የመጣው ዕቃ እንዳይጎዳት ነው። የሥራ መኪናም በዚሁ ሕግ ሊሰናዳ ይችላል፤ ውድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ሥራ በሰውና በዕቃ መካከል ግድግዳ ማቆም ነው። ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የቱቦላሬ ፍሬም ተሠርቶ በጠንካራ የብረት ፍርግርግ ይሸፈን። ኮምፔንሳቶ ብቻውን አቧራ ይከለክል ይሆናል እንጂ የብየዳ ማሽን አያቆምም። ፍሬሙ ከመኪናው አካል ጋር በቡሎን ይታሰር። ፍርግርግ የሆነ እንደሆነ ሹፌሩ ኋላውን በመስታወት ለማየትም ይመቸዋል። ጎረቤቴ ሙያው ስለሆነ ይህን ሲሰማ ወዲያው ሜትሩን አውጥቶ መለካት ጀመረ።

ሁለተኛው ወንበሩ ነው። በርጩማ ወይም የእንጨት አግዳሚ አስገብቶ ሰው መጫን ወንበር ገጠመ አያሰኝም፤ ሲጋጭ ሰውየውም አግዳሚውም አብረው ይወረወራሉ። የሚሻለው ከዚያው ከመኪናው ዓይነት የወጣ፣ ቀበቶው ያለው የፋብሪካ ወንበር መፈለግ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ቦታ አይደለም። ወንበሩ ፊቱን ወደፊት ያድርግ። እግሩ በቀጭኑ የወለል ላሜራ ላይ ብቻ መበየድ የለበትም። ቡሎኑ ወለሉን አልፎ ከታች በወፍራም ብረት ይደገፍ፤ ቢቻል ሻንሲውን ያግኝ። ይህ ደግሞ የመኪና አካል የሚያውቅ መካኒክ የሚሠራው ነው።

ሦስተኛው ቀበቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር የተሳፋሪውን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ይኸው ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ከኋላ የሚቀመጠውም ይሰር። የታችኛው ቀበቶ በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። ነፍሰ ጡር እናት ከሆነች ከሆዷ በታች ይለፍ፤ የላይኛው ደግሞ በጡቶቿ መካከል ይውረድ። "ጽንሱን ይጎዳዋል" እያሉ ቀበቶ መተው ትክክል አይደለም፤ ጽንሱን የሚጠብቀው የእናቱ ደህና መሆን ነው።

ሕፃን ታቅፎ መሄድ የፍቅር ምልክት ነው፤ ነገር ግን የእናት ክንድ የማይችለው ጊዜ አለ። በ50 ፍጥነት ግጭት ቢደርስ 10 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ከመቶ ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ከእቅፍ ትፈለቀቃለች። የሕፃናት መቀመጫ ያላችሁ ከኋላ ወንበር ላይ አስራችሁ ተጠቀሙበት። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት "ምን ልላክ?" ሲል፣ ከጫማና ከስልክ በፊት ይህን ብትጠይቁት ምን አለበት?

አሁን ወደ ጭነቱ እንመለስ። ከባዱ ዕቃ ወለሉ ላይ፣ ወደ ፍርግርጉ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ወለሉ ላይም የማሰሪያ ቀለበት ይበየድለት። ትንንሹ መሣሪያ በሚቆለፍ ሣጥን ይግባ። ፖርቶ መጋላው ላይ መሰላልና ቀላል ዕቃ ይበቃል፤ ጣሪያው ላይ ክብደት ሲበዛ መኪናው በመታጠፊያ ላይ በቀላሉ ይገለበጣል።

አንዳንድ ዕቃ ደግሞ ቢታሰርም ከሰው ጋር መሄድ የለበትም። አንደኛው አሲታይሊን ነው። ከመኪናው አየር 2.5 በመቶ ያህሉን ከያዘ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። አብሮት የሚሠራው ኦክስጅንም ሲያፈስ ልብስና ቅባት በኃይል እንዲነድ ያደርጋል። ቤንዚን በጀሪካን፣ ቲነርና ቀለምም እንዲሁ፤ ሽታቸው ራሱ ልጅን ያዞራል፣ ያስመልሳል። ቤተሰብ በሚጫንበት ቀን እነዚህ ሥራ ቦታ ይደሩ።

ስለ ጭስ ማውጫም አንድ ቃል ልጨምር። ረጅም ብረት ጭኖ የኋላውን በር ከፍቶ መሄድ የሞተሩን ጭስ ወደ ውስጥ ይስባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ያመጣል፤ ወላጆችም "መኪና አመማቸው" ወይም "ደክሟቸው ተኙ" ይላሉ። ከአንድ በላይ ሰው እንዲህ ከሆነ መኪናውን አቁሙ፣ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በሩ ተዘግቶ፣ መስኮት ኖሮ መሄድ አለበት። የኋላው በርም ከውስጥ የሚከፈት ይሁን።

ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ሊብሬው ላይ የመኪናው አገልግሎት፣ የመጫን አቅሙና የሰው ብዛት ተጽፏል። የዕቃ መኪና ላይ ወንበር ሲጨመር ወረቀቱም መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ጣጣ ነው። ለኢንሹራንሱም አሳውቁ። መኪናው በወረቀት ዕቃ እየጫነ በተግባር ሰው ከጫነ፣ አደጋ በደረሰ ቀን ክርክሩ ሐዘን ላይ ከተቀመጠ ቤተሰብ ጋር ይሆናል።

በመጨረሻም ሞተር ከመነሣቱ በፊት አምስት ደቂቃ ውሰዱ። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ ይግፋው፤ የሚነቃነቅ ካለ እንደገና ይታሰር። ወለሉ ይጠረግ፤ የብረት ብናኝና ሲሚንቶ ለልጅ ዓይን ጠላት ነው። ከዚያ ቀበቶ ይቆጠር፤ ሰው ከቀበቶ ከበለጠ ትርፉ ሰው በሕዝብ ማመላለሻ ይምጣ። አያትን "እርስዎ በሌላ መኪና ይምጡ" ማለት በእኛ ባህል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ አያትን መጀመሪያ፣ ቀበቶ ያለው ደህናው ወንበር ላይ አስቀምጡና የሚቀረው ጎረምሳው ይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የዘንድሮን ጉዞ ከወዲሁ አሰናዱ። ደህና ግቡ፤ መልካም በዓል።