የቡና ፍሬና የቍጥር ሥዕል፤ ለቤተ ሰብ ምሽት የሚሆን ጨዋታ



ከመሥሪያ ቤት ሥራ በሚተርፈው ሰዓት ኮምፒዩተርን እያዘዙ ቍጥርን በሥዕል መግለጽና እንቆቅልሽ ማዘጋጀት በዚህ ዘመን የብዙ ሰዎች ደስታ ሆኗል። ይህንንም የሚያደርጉት ደመወዝ ፈልገው ሳይሆን ነገሩ ስለሚጥማቸው ነው። መሣሪያው ግን በየቤቱ አይገኝምና፥ እኛ ከየቤቱ በማይጠፋው በቡና ፍሬ እንጀምራለን። ቡና ከተነሣም አሳባችን ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ ወደምትገኘው ወደ ዲላ፥ ወደ ጌዴኦም አገር ማቅናቱ ግድ ነው፤ ስሙ ባሕር ተሻግሮ የተሰማው የይርጋ ጨፌ ቡና የሚመጣው ከዚያ ነውና።

በ13 ረድፍ፥ በየረድፉም 24 የቡና ችግኝ ተተክሏል እንበል። ጠቅላላው ስንት ነው? በግራ በኩል 13፥ በቀኝ በኩል 24 ይጻፉ። የግራውን እየከፈሉ፥ የምትተርፈውንም አንዲት እየጣሉ ይውረዱ፤ 13፥ 6፥ 3፥ 1 ይሆናል። የቀኙን እጥፍ እያደረጉ ይውረዱ፤ 24፥ 48፥ 96፥ 192 ይሆናል። በግራ ጎደሎ ቍጥር ያልሆነው 6 ብቻ ስለ ሆነ በአንጻሩ ያለውን 48 ሰርዘው የቀሩትን ቢደምሩ 312 ይመጣል፤ መልሱም ይኸው ነው። የማባዣውን ሠንጠረዥ ያላጠና ልጅ እንኳ ማጠፍና መክፈል ከቻለ ይበቃዋል። ይህን የመሰለ ዘዴ ከ3,500 ዓመት በፊት በግብፅ ፓፒሩስ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። በውጭ አገር ያሉ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ግን «የኢትዮጵያ ማባዛት» ብለው ለጀማሪ መልመጃ ይሰጡታል፤ ኮምፒዩተርም በ0ና በ1 ብቻ የሚቈጥር ስለ ሆነ ለእርሱ የሚስማማው መንገድ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በስማችን የሚጠራውን ዘዴ ልጆቻችን ከባዕድ መጽሐፍ እስኪማሩት ድረስ መጠበቅ የሚገባን አይመስለንም።

ወደ ሥዕሉ እንመለስ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከቤታቸው የተፈናቀሉት ሰዎች ወደ 1,000,000 የሚጠጉ ነበሩ። ይህ ቍጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ሰባት ምልክት ብቻ ነው፤ ዓይን በአንድ ጊዜ አይቶት ያልፋል። አሁን ግን ለ1,000 ሰው አንዲት የቡና ፍሬ ይደረግና በሰፌድ ላይ 1,000 የሚያህል ፍሬ ይቈጠር። ቈጣሪው ከመጨረሱ በፊት ይደክማል። ከዚያ በኋላ ከመካከሉ አንዲቱን አንሥቶ፥ በዚህች ፍሬ ውስጥ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ከነአስተማሪው እንደሚገባ ለልጁ መንገር ነው። ልጁ ዝም ቢል አይድነቅዎ።

ሥዕል እንደዚህ ልብ የሚያስተውል የመሆኑን ያህል ሊያሳስትም ይችላል። የዐምናው ገቢ 90፥ የዘንድሮው 100 ቢሆንና ሠዓሊው ዐምዱን ከ0 ትቶ ከ80 ቢያስጀምረው፥ ዘንድሮ ካምና እጥፍ የሆነ ይመስላል። ይህስ ቀላል ነው፤ ያወቀ ሰው ቶሎ ይነቃበታል። የከፋው የሚመጣው በሥዕሉ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ዋናው ነገር ሳይሣል ሲቀር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል፤ በዚያም ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፥ ከእንሰቱም ሥር ቡና ተተክሎ በአንድ መሬት ላይ በደርብ በደርብ ይኖራል። ቡናው በየዓመቱ ተለቅሞ በብር ይሸጣል። እንሰቱ ግን እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቈያል፤ ከደረሰም በኋላ የሚቈረጠው ቤተ ሰቡ ሲያስፈልገው ነው። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ የዓመቱን ሽያጭ ብቻ በዐምድ ቢሥል ቡናው ረዝሞ እንሰቱ ከመሬት ተጣብቆ ይታያል። ያን ሥዕል ብቻ ያየ ሹም እንሰቱ ተነቅሎ ቦታው ሁሉ ቡና ቢሆን ይሻላል ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት ያንን ቤት የሚመግበው ግን በጓሮ የቆመው፥ በሥዕሉ ላይ ያልታየው ጎተራ ነው። በሪፖርት ላይ ፊርማቸውን የሚያኖሩ አንባቢዎቻችን የተሸጠው ብቻ ሳይሆን የቆመውም እንዲሣልላቸው ቢያዙ መልካም ነው።

አሁን ለልጆች። የእንግሊዝ የሒሳብ ሊቅ ጆን ኮንዌይ «ሕይወት» የተባለውን ጨዋታ ያወጣው አስቀድሞ በኮምፒዩተር ሳይሆን ጠጠር በገበታ ላይ እየደረደረ ነው፤ ማርቲን ጋርድነርም በፈረንጅ አቈጣጠር በጥቅምት 1970 በአሜሪካ መጽሔት ላይ ጽፎ ለዓለም አስታወቀው። በዓመቱ ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት በአገራችን ስላሉት የገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጽሑፍ አወጡ፤ ጠጠርና ጉድጓድ ለጠለቀ አሳብ እንደሚበቃ ግን የገበጣ ተጫዋቾቻችን ቀድመው ያውቁ ነበር።

ሕጉ ይህ ነው። በወረቀት ላይ ብዙ ባለ አራት ማዕዘን ቤቶች ይሠመሩ። እያንዳንዱ ቤት በዙሪያው 8 ጎረቤት አለው። ፍሬ ያለበት ቤት 2 ወይም 3 ባለ ፍሬ ጎረቤት ካለው ይኖራል፤ ካነሰ በብቸኝነት፥ ከበዛ በጥበት ይሞታል። ባዶ ቤት ልክ 3 ባለ ፍሬ ጎረቤት ካለው ፍሬ ይወለድበታል። ልደቱና ሞቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነውና፥ እንዳይሳሳቱ የሚወለድበትን ቤት በተቈላ ቡና፥ የሚሞተውን በአጠገቡ በሚቀመጥ ሽምብራ ምልክት አድርጎ ኋላ ሁሉን አንድነት ማስተካከል ነው። ሦስት ፍሬ በአግድም ቢደረደር በሚቀጥለው እርምጃ ተነሥቶ ይቆማል፥ ደግሞ ይተኛል፤ እንዲህ ሲል ያለ ማቋረጥ ይኖራል።

የሳምንቱ እንቆቅልሽ። አራት ፍሬ በአንድ መስመር በአግድም ተደርድሯል። ስንት እርምጃ ከሄደ በኋላ ይረጋል? በረጋስ ጊዜ ፍሬው ስንት ነው? የሚሆነው ቅርጽ የገጠር ሰው በዛፍ ላይ በሚሰቅለው ዕቃ ስም ይጠራል። መልሱን በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እናወጣለን።