ፀሐይ ተመልሳለች፤ የሠሯትስ?

ብሔራዊው የቡና ሙዚየም ቦንጋ ላይ መቆሙ ትክክል ነው የምለው ካፋ የቡና መገኛ ናት ስለሚባል ብቻ አይደለም። ከሙዚየሙ ወጥቶ ጥቂት መንገድ የሄደ ጎብኚ ሥራውን በዓይኑ ስለሚያየው ነው። በወቅቱ ከደረሰ እሸት ቡና ከጫካ ሲለቀም፣ አልጋ ላይ ሲሰጣ፣ ጀንፈሉ እንዳይሻግት ሲገላበጥ ያገኛል። ቀና ካለም ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ይታየዋል። በመስታወት ውስጥ ያየው ነገር ካልገባው የሚያስረዳው ገበሬ እዚያው አለ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ደን ለሙዚየሙ እንደ ሁለተኛ አዳራሽ ነው።

በዚህ ዓይን ሌላ ቅርሳችንን እንይ፤ አውሮፕላን።

«ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ የበረረች፣ ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ናት። የሠሯት የንጉሠ ነገሥቱ ፓይለት የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ናቸው። ስሟን ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ አውሮፕላኗም እጃቸው ገባች፤ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ብዙ ዘመን የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ንብረት ሆና ቆየች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሊያን በይፋ መለሰቻት። ደስ አለን፤ ደስ ሊለንም ይገባል።

ግን ስለ ፀሐይ ስናወራ ምኑን ነው የምናወራው? ልዕልቷን፣ ጀርመናዊውንና ዘራፊውን። ብረቱን የቆረጡት፣ እንጨቱን የላጉት፣ ሸራውን የወጠሩት ኢትዮጵያውያን «ሠራተኞች» ተብለው በጅምላ ይታለፋሉ። ሞተሯ ቼኮዝሎቫኪያ የተሠራ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ቬኑስ ነበር። ይህን መናገር ክብሯን የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንዲያውም ሙዚየም መጀመር ያለበት ከዚህ ነው ባይ ነኝ፤ የትኛው ተገዛ? የትኛው እዚህ ተሠራ? ማን ከማን ተማረ? የአውሮፕላን ፋብሪካዎች የትም አገር ሞተር ከሌላ ይገዛሉ፤ በዚህ የሚያፍር የለም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የ«እሸት» ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ አግ ካት የተባለችውን ባለ ድርብ ክንፍ የእርሻ አውሮፕላን አገር ውስጥ ገጣጠመ፤ እሸት ብሎም ሰየማት። ማሳ ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች መድኃኒት የምትረጭ የሥራ አውሮፕላን ናት። ቤተ መንግሥት አታውቅም፤ ጠላትም አልማረካትም። ስለዚህ የምትመለስበት ቀን የላትም፣ የሚቀበላት ሰልፍም የለም። ከፀሐይ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ኢትዮጵያውያን ቴክኒሻኖች አውሮፕላን መገጣጠማቸውን የሚያውቅ ወጣት ስንት ነው?

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው፤ ቅርስን የምናከብረው በተዘረፈብን መጠን እንጂ በሠራነው መጠን አይደለም። ሌባው ካልነካው ዕቃው ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

ካፋ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ጦር ሲማረክ ዘውዱም አብሮ ተወሰደ። በኋላ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወደ አገሩ ይዞት ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስም የተረከቡት አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር የሰበሰባቸው የካፋ ዕቃዎች ደግሞ ቪየና ይገኛሉ። በዘውዱ ላይ ብዙ ተጽፏል። ዘውዱን የሠራው አንጥረኛ ግን በየትኛውም ታላቅ ትረካ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። አንጥረኛን ንቀን የእጁን ሥራ በንጉሥ ራስ ላይ ያስቀመጥን ሕዝቦች ነንና አይደንቅም።

«ዘውድና የተማረከ አውሮፕላን ባይኖር ማን ሙዚየም ይገባል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ሰውን ወደ በሩ የሚጠራው ታላቁ ዕቃ ነው። ከገባ በኋላ ግን አጠገቡ ምን ይቁም? ከፀሐይ ጎን የእሸት ክንፍ ይቁም። ቆዳው ተገልጦ አጥንቱ ይታይ፤ መዶሻው፣ ብሎኑ፣ የሥራ ንድፉ በእጅ የሚነካ ይሁን። ለካፋም እንዲሁ ነው፤ ከንጉሡ ታሪክ ጎን ቀፎ የሚሠራው፣ ቡና የሚለቅመው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ከነድምፁ ይግባ።

ለቡናው ጊዜ አለ፤ ለቃሚው ነገም ጫካ ይገባል። ለአውሮፕላኑ ግን ጊዜ የለም። በሠላሳ ዓመቱ እሸትን የገጣጠመ ቴክኒሻን ዛሬ ሰባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ጡረተኛ ነው። መቅረጸ ድምፅ ይዞ ቤቱ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ ቅድሚያ መጠየቅ ያለበትም ስለ ክብረ በዓል ሳይሆን የትኛው ክፍል እንዳስቸገረውና እንዴት እንደተወጣው ነው።