የአየር ሰዓቱ የእኛም ነው

የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ሰዎች! ምርጫ ሲቃረብ ተፎካካሪ ፓርቲዎች ደጃችን ይመጣሉ። ስለ መገናኛ ብዙኃን ፖሊሲያቸው ስትጠይቋቸው አብዛኞቹ የአየር ሰዓት እንደተነፈጋቸው ያወሯችኋል። እውነታቸውን ነው፤ ግን ይሄ የእነሱ ብሶት ነው። የእኛስ?

ነሐሴ 2013ን አስታውሱ። የሕወሓት ኃይሎች ንፋስ መውጫን ለ9 ቀናት ይዘው በእህቶቻችን ላይ የፈጸሙትን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ ያወጣው ኅዳር 2014 ላይ ነው፤ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ስሟ ንፋስ መውጫ የሆነ ከተማ ወሬዋ መውጫ አጣ! ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ።

ሰላም ነው በሚባልበት ቀንስ? ባለሱቁ በሚስማር የሰቀላት ሬዲዮ፣ አንቴናዋ በሽቦ ተቀጥሎ፣ የአዲስ አበባን ስብሰባ ስትተነትን ትውላለች። የጋሸና መንገድ መከፈቱን የምንሰማው ግን ከአይሱዙ ሾፌር ነው። የድንቻችንን ዋጋ የሚነግረን ደላላው ነው፤ ያውም እሱ እንደሚመቸው አድርጎ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መገናኛ ብዙኃን የተለያየ ሐሳብ እንዲያስተናግድ ያዛል። በ1997 የቴሌቪዥን ክርክር ጊዜ ይህን በዓይናችን አይተናል፤ ግን መድረኩ በገዢው ፈቃድ የተከፈተ ነበርና በገዢው ፈቃድ ተዘጋ። በ2013 የወጣው አዋጅ 1238 የፓርቲ አባል በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ እንዳይቀመጥ ከልክሎ ነበር፤ በሚያዝያ 2017 ማሻሻያ ክልከላው ተነሳ። ተቃዋሚውም ነገ ሥልጣን ቢይዝ ይህችን የቦርድ ወንበር እንደማይወዳት ማን አረጋገጠልን?

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ እንናገር! በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ፣ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህ አጀንዳ ይያዝ። ጥያቄያችን ይጻፍ፦ ቦርዱ ከፓርቲ ሰው ይጽዳ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢንተርኔት አይቆረጥ፤ ለአካባቢያችን በራሳችን ሰዎች የሚመራ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ይፈቀድ። መምህራን፣ ጽሑፉን እናንተ አርቅቁ። ወጣቶች፣ ፊርማ ለማሰባሰብ ቤት ለቤት ዙሩ። እናቶች፣ በማኅበራችሁ አንሱት፤ የሆነውን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ የየትኛውም ፓርቲ እጩ ሲመጣ፣ ቡናውን ከመጠጣቱ በፊት ወረቀቱ ይነበብለት፤ ይፈርም። አንዱ ቅጂ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ። አልፈርምም ካለም፣ ስሙና ቀኑ በዚያው መዝገብ ይስፈር።