ጣፋጭ ሲነካው የሚነዝር ጥርስ እና የፍሎራይድ ሳሙና ጉዳይ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በ2022 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የአፍ ውስጥ ሕመም እንዳለባቸው ገልጿል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ችግሩን የሚያውቁት ሻይ ሲጠጡ ወይም ማር ሲቀምሱ ጥርሳቸው ድንገት ሲነዝራቸው ነው።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን (ኢናሜል) ስሜት የለውም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን ወደ ነርቩ የሚያመሩ፣ ፈሳሽ የያዙ በጣም ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ሽፋኑ ሲጎዳ ወይም ድድ ሲሸሽ ቱቦዎቹ ይጋለጣሉ። ስኳር ፈሳሹን ወደ ውጭ ይስባል፤ ነርቩም በዚህ እንቅስቃሴ ይቀሰቀሳል።

የሚነዝርዎት አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው መቦርቦር፣ ስንጥቅ ወይም የላላ የቆየ ሙሌት ነው። ብዙ ጥርሶች ከሆኑ ደግሞ የድድ መሸሽ፣ አጥብቆ መቦረሽ (መፋቂያም ቢሆን)፣ በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨት፣ ሎሚና ለስላሳ ማዘውተር ሊሆን ይችላል። ለጥርስ መነዘር የሚሸጡ ሳሙናዎች የሚረዱት በአብዛኛው ለዚህ ለሁለተኛው ነው፤ ያውም ለሳምንታት ከተጠቀሙ። የተቦረቦረን ጥርስ አይሞሉም።

ሕመሙ ምን ያህል ይቆያል? በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥርሱን በሙሌት ማዳን ይቻላል። ለደቂቃዎች ከቆየ ወይም ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎት ነርቩ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙዎችን የሚያታልለው ግን ለሳምንታት ሲያም ቆይቶ በራሱ ጸጥ ያለ ጥርስ ነው፦ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ይቀጥላል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥ ካስቸገረ በዚያው ቀን ይታከሙ። አስፒሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥለዋል እንጂ አያድንም።

ወደ ሳሙናው እንመለስ። ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ መንግሥታት ሳሙናውን በሚቻል ዋጋ እንዲያቀርቡ ይገፋፋል፤ በራሱ ግን የሱቁን ዋጋ አይቀንስም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የውኃው ፍሎራይድ ከፍተኛ በመሆኑ የልጆች ጥርስ ሲበልዝ ያዩ ቤተሰቦች ሳሙናውንም ቢፈሩ አይገርምም። ይሁንና ያ ጉዳት የሚደርሰው ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ከሚዋጠው ፍሎራይድ ነው። አዋቂዎችን አይመለከትም። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ እንዲተፉት ያስተምሯቸው። ውኃችሁ ከፍተኛ ፍሎራይድ ካለው ግን ለልጆቹ ሳሙና ከመምረጥዎ በፊት የጥርስ ሐኪም ያማክሩ። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ መጻፉን ይመልከቱ።